ሞተሩ ሲግል ለምን አልነሣ ይላል?
የካርቡሬተርን ሙቀት ስለ መቀነስ የተዘጋጀ ትምህርት

በአንድ የበጋ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እዚህ ጎዶማ ውስጥ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ነጂው ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ሲመለስ ሞተሩ አልነሣ አለው። ሞተሪኖውን ደጋግሞ አስጮኸ፤ ባትሪው ደከመ። በዚህ ጊዜ መካኒክነት በመማር ላይ ያለ አንድ ወጣት፣ ከእኛው ከስደተኞች ወገን፣ ሊረዳው ቀረበ። የአየር ማጣሪያውን አነሣና በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘውን ቤንዚን በካርቡሬተሩ አፍ እያፈሰሰ «አስነሣ!» አለ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰ። እሳቱ በካርቡሬተሩ አፍ ወጥቶ ጠርሙሱን ያዘው። ሰዎች ተሯሩጠው አሸዋ ደፉበትና መኪናው ተረፈ። የልጁ ቀኝ እጅ ግን ተቃጠለ። የማታ ተማሪዬ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል እስክሪብቶ መያዝ እንዳልቻለ አውቃለሁ።

ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ መኪናው አለመበላሸቱ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአየር ማጣሪያው ተመልሶ ሰዎች ገፋ ሲያደርጉት ወዲያው ተነሣ። ማንም አንዲት ብሎን አልፈታለትም። ሞተሩ ይፈልግ የነበረው መቀዝቀዝ ብቻ ነበር።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። «እኔ መኪና የለኝ፣ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን በየመንገዱ ዳር ጋራዥ የሚሠሩ፣ ሞተር ሳይክል የሚነዱ፣ ጄኔሬተርና የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚጠብቁ ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ካርቡሬተር አላቸው። ሙያ ደግሞ ስደተኛ ድንበር ሲሻገር ማንም ሊቀማው የማይችል ጓዝ ነው።

1. ካርቡሬተር ምን ይሠራል?

ቤንዚን በፈሳሽነቱ በሞተር ውስጥ በደንብ አይቃጠልም። መጀመሪያ ተበትኖ ከአየር ጋር መደባለቅ አለበት። ይህን የሚሠራው ካርቡሬተር ነው። የነዳጅ ፓምፕ ቤንዚኑን ከጋኑ ስቦ ወደ ካርቡሬተሩ ትንሽ ጎድጓዳ ቤት ይልከዋል። በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ይከፍታል። በሽንት ቤት የውሃ ጋን ውስጥ እንዳለው ኳስ ማለት ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ፣ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ በፍጥነት ያልፍና ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ እየመጠጠ ይዞት ይገባል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሠራው ቤንዚኑ ፈሳሽ ሆኖ እስከ ደረሰ ድረስ ነው። በመንገድ ላይ ወደ እንፋሎት ከተለወጠ ሥራው ይበላሻል።

2. ቤንዚን በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ቤንዚን ግን እንደ ውሃ አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ከመካከላቸው ቀላሎቹ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት መፍላት ይጀምራሉ፤ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ይቆያሉ። በኮፈን ሥር ያለው አየር በበጋ ቀን ከ60 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቤንዚኑ መፍላቱ አይግረማችሁ፤ የሚገርመው በአብዛኛው ጊዜ አለመፍላቱ ነው። የሚያድነውም ከጋኑ ያለማቋረጥ የሚመጣው ቀዝቃዛ ቤንዚንና ሞተሩ የሚስበው አየር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ፈሳሽም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ሞያሌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,100 ሜትር ያህል ላይ ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሥጋ በደጋ ለመብሰል የሚዘገየውም ስለዚህ ነው። ቤንዚንም እንዲሁ በደጋ ቶሎ ይተናል። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ከተማ ሆና ሳለ የእንጦጦን ዳገት የሚወጡ አሮጌ መኪኖች እየተንተፋተፉ የሚቆሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የነዳጁ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘውን ኢታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል ለብቻው በ78 ዲግሪ ይፈላል። በትንሹ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ግን ድብልቁ ከቀድሞው ይበልጥ ቶሎ እንዲተን ያደርገዋል። የቀድሞዎቹ ካርቡሬተሮች የተሠሩት እንዲህ ያለውን ነዳጅ አስበው አልነበረም።

3. ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለምን ይብሳል?

ብዙ ሰው «ሲሄድ ደህና ነበር፤ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እንቢ አለኝ» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ቬንትሌተሩ ይነፍሳል፣ ውሃው ይዘዋወራል፣ አዲስ ቤንዚን ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። የጋለው ብረት ግን ሙቀቱን እንደ ያዘ ነው። ምጣድ እሳቱ ከተጎተተ በኋላም እንጀራ እንደሚያበስል ሁሉ፣ የጭስ ማውጫው ብረትም ሙቀቱን ወደ ላይ ወደ ካርቡሬተሩ ይሰዳል። ስለዚህ ካርቡሬተሩ እጅግ የሚግለው መኪናው ከቆመ ከአሥር እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ሻይ ለመጠጣት የሚበቃው ጊዜ ማለት ነው።

4. በሽታውን መለየት

መካኒክ እንደ ሐኪም ነው፤ ሳይመረምር መድኃኒት አይሰጥም። በሙቀት ጊዜ ሞተርን የሚያቆሙ ነገሮች አራት ናቸው።

ሀ) በቧንቧ ውስጥ እንፋሎት መያዝ። ቤንዚኑ በቧንቧው ወይም በፓምፑ ውስጥ ተንኖ እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑ ፈሳሽ እንዲገፋ እንጂ እንፋሎት እንዲገፋ ስላልተሠራ ባዶውን ይመታል። መኪናው በዳገት ላይ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ምልክቱ፦ ሞተሩ ጠፍቶ የአየር ማጣሪያው ከተነሣ በኋላ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅ ስትስቡ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ቤንዚን አይረጭም።

ለ) በካርቡሬተሩ ቤት ውስጥ መፍላት። ቤንዚኑ እንደ ቡና ጀበና ገንፍሎ ወደ ሞተሩ ይፈስሳል። እዚህ ላይ የጎደለ ሳይሆን የበዛ ነው። ምልክቱ፦ ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ፣ ካንዴላው ሲፈታ እርጥብ ሆኖ መገኘት።

ሐ) የቦቢና መጋል። አሮጌ ቦቢና ሲግል ብልጭታው ይደክማል ወይም ይጠፋል። ምልክቱ፦ ቤንዚን ይረጫል፣ ሽታም አልበዛም፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። ቦቢናው ሲቀዘቅዝ ይነሣል። ብዙ ሰው ይህን የካርቡሬተር ችግር ያደርገዋል።

መ) የነዳጅ ጋን ክዳን መታፈን። በአንዳንድ መኪኖች አየር ወደ ጋኑ የሚገባው በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። በአቧራ ከተደፈነች ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ምልክቱ፦ ክዳኑን ስትከፍቱ «ፍስስ» ብሎ አየር ይስባል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ይነሣል።

አራቱን ሳይለዩ ካርቡሬተር መፍታት ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ ጎረቤቴ ሦስት ጊዜ ካርቡሬተር አስፈትቶ፣ አራተኛ ጊዜ ሌላ አሮጌ ካርቡሬተር ገዝቶ፣ በመጨረሻ ችግሩ የጋኑ ክዳን ሆኖ ተገኝቷል። ክዳኑን በመርፌ ጠርገን ጨረስን።

5. መንገድ ላይ ስትቆሙ ምን ታደርጋላችሁ?

አንደኛ፣ ጥላ ካለ ወደ ጥላ፣ ከሌለ የመኪናውን ፊት ወደ ነፋሱ አዙራችሁ ቁሙ። ኮፈኑን ክፈቱ። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሞተሪኖ ደጋግሞ ማስጮህ ባትሪ ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም።

ሁለተኛ፣ ችግሩ በቧንቧ ውስጥ የተያዘ እንፋሎት ከሆነ፣ ጨርቅ በውሃ ነክራችሁ ጨምቁና በነዳጅ ፓምፑና በቧንቧው ላይ አድርጉ። አጎቴ አዲስ አበባ የላዳ ታክሲ ነጂ ነበር። ከወንበሩ ሥር ሁልጊዜ አንድ የውሃ ጠርሙስና አንድ ቁራጭ ጨርቅ አይጠፋም። እኔ ልጅ ሆኜ «ጋሼ፣ ይሄ ጨርቅ መስታወት መወልወያ ነው?» ብለው፣ «የለም ልጄ፣ ይሄማ የላዳ የትኩሳት ጨርቅ ነው» ይለኝ ነበር። ላዳ በተሠራባት በሶቪየት ኅብረትም ነጂዎች ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ነገር ግን ውሃ በጋለው የጭስ ማውጫ ብረት ላይ አታፍስሱ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንም አታርጥቡ።

ሦስተኛ፣ ቤንዚን በዝቶ ከሆነ፣ የነዳጅ መስጫውን ፔዳል እስከ ታች በዝግታ ረግጣችሁ ያዙ። አትምቱት፤ በተመታ ቁጥር ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ቾክ አትሳቡ። ሞተሪኖውን ከአሥር ሰከንድ ሳታስበልጡ አዙሩ፤ ትንሽ አሳርፋችሁ ድገሙ። ሞተሩ ሲነሣ ፔዳሉን ልቀቁ።

አራተኛ፣ ወደፊት ከረጅም መንገድ በኋላ ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይሥራ። ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ይወስድለታል። ስትቆሙም ኮፈኑን ትንሽ ከፈት አድርጉ።

6. ዘላቂው መፍትሔ

ውሃና ጨርቅ ማስታገሻ ናቸው። በሽታው እንዳይመለስ ግን ሥራው በሦስት መንገድ ነው፦ ሞተሩን ከልክ በላይ እንዳይግል ማድረግ፣ ሙቀቱን ከቤንዚኑ ማራቅ፣ ቤንዚኑን በቧንቧ ውስጥ እንዳይቆም ማድረግ።

በመጀመሪያ ሞተሩን። ራዲያተሩ በጭቃና በነፍሳት ተደፍኖ እንደ ሆነ ከኋላ ወደ ፊት በውሃ እጠቡት። የቬንትሌተሩን ቺንጋ እዩ፤ ከላላ አጥብቁት። ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ በራዲያተር ውስጥ ደለል ስለሚሠራ የተሻለ ውሃ ፈልጉ። የካንዴላው ብልጭታ ጊዜው ዘግይቶ ከሆነም የጭስ ማውጫው ብረት ከልክ በላይ ይግላል፤ ይስተካከል።

ቀጥሎ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለውን ወፍራም የባካላይት ጓርኒሲዮን ተመልከቱ። ይህ ጓርኒሲዮን ቤንዚን እንዳያፈስ ብቻ አይደለም የተቀመጠው፤ ሙቀት እንዳይወጣ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ካርቡሬተሩ አንድ ቀን ይፈታል፤ ወፍራሙ ጓርኒሲዮን ተሰብሮ ይገኛል፤ በምትኩ ቀጭን የወረቀት ይገባል። መኪናው በጠዋት ጥሩ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ያምፃል። በምትኩ የሚገባው ሙቀት የማያሳልፍና እሳት የሚችል መሆን አለበት። አሉሚኒየም ሙቀት ያሳልፋል፤ ላስቲክና ተራ ፕላስቲክ ይቀልጣል።

ሦስተኛ፣ የሙቀት መከለያ ላሜራ ሥሩ። በካምፕ ውስጥ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አይጠፋም። ቆርቆሮውን ጠርዙን አጥፋችሁ በጭስ ማውጫው ብረትና በካርቡሬተሩ መካከል፣ ሁለቱንም ሳይነካ፣ የጣት ያህል ክፍተት ትታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። የሚያብለጨልጨው ፊት ወደ ሙቀቱ ይሁን። የነዳጅ መስጫውን ዘንግ እንዳይነካ በእጃችሁ እያንቀሳቀሳችሁ አረጋግጡ። ዘንጉ ተይዞ ቢቀር መኪናው ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ይህ ሰው ይገድላል።

አራተኛ፣ የነዳጁን ቧንቧ መንገድ ተከተሉ። ከጭስ ማውጫው ቢያንስ በአንድ ስንዝር ይራቅ። አንዳንድ መኪኖች ትርፍ ቤንዚን ወደ ጋኑ የሚመልስ ሁለተኛ ቀጭን ቧንቧ አላቸው። ይህ ቧንቧ ቤንዚኑ ዘወትር እንዲንቀሳቀስና እንዲቀዘቅዝ፣ እንፋሎቱም ወደ ጋኑ እንዲመለስ ያደርጋል። «ትርፍ ነው» ብላችሁ አትድፈኑት።

በመርፌ ቀዳዳ የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች በዚህ በሽታ እምብዛም የማይታመሙት ለምንድን ነው? ፓምፓቸው በጋኑ ውስጥ ሆኖ ቤንዚኑን በከፍተኛ ግፊት ስለሚገፋው ነው። ግፊት ሲጨምር መፍላት ይዘገያል። ይህ ከላይ ስለ ከፍታ የተማርነው ነገር ተገላቢጦሽ ነው።

7. የየመኪናው ጠባይ

አሮጌው ላንድክሩዘርና አሮጌው ላንድሮቨር፦ በቤንዚን በሚሠሩት በእነዚህ መኪኖች ድብልቁ የሚገባበት ብረት በቀጥታ በጭስ ማውጫው ብረት ላይ የተቀመጠ ነው። በብርድ አገር ይህ ጥቅም ነው፤ በእኛ በረሃ ግን ካርቡሬተሩ በምድጃ ላይ እንደ ተጣደ ነው። መከለያ ላሜራ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ለእነዚህ ነው። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በዲዳ ገልገሉ በረሃ ተጉዘው፣ በመጨረሻ የማርሳቢትን ተራራ ሲወጡ የሚያስቸግሩት ስለዚህ ነው። አስፋልቱ ከመሠራቱ በፊት፣ በድንጋዩ ላይ በዝግታ ሲኬድ ነፋስ ስለማይገባ ችግሩ ይብስ ነበር።

ላዳ፦ ካርቡሬተሩ ከጭስ ማውጫው በላይ ነው። የአየር ማጣሪያው የበጋና የክረምት አቀማመጥ አለው፤ በክረምቱ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሞቀ አየር ይስባል። በቆላ ሁልጊዜ በበጋው ላይ ይሁን። ከነዳጅ ፓምፑ ሥር ያለውን ወፍራም ማገጃ አትለውጡት፤ ውፍረቱ የፓምፑን ምት ይወስናል።

ቮልስዋገን፦ ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላስቲክ ካለቀ ወይም ላሜራዎቹ ከተጣሉ ከታች የጋለው አየር ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ የቮልስ የመጀመሪያ ሕክምናው ላስቲኩንና ላሜራዎቹን ማሟላት ነው።

ጄኔሬተር፦ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ከሠራ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር፣ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሥራ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበትና ሳያስነቃ ይገድላል።

8. ስለ እሳት ማስጠንቀቂያ

ሀ) በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን በጠርሙስ አታፍስሱ። ሞተሩ ካስነጠሰ እሳቱ ወደ እጃችሁ ይመጣል።
ለ) ሞተሪኖ በሚዞርበት ጊዜ ፊታችሁን በካርቡሬተሩ ላይ አትድፉ።
ሐ) ሲጋራ፣ ክብሪት፣ የከሰል ምድጃ በአቅራቢያ አይኑር። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ሄዶ እሳት ይፈልጋል።
መ) የቤንዚን እሳት በውሃ አይጠፋም፤ ይስፋፋል። አሸዋ ወይም አፈር ድፉበት፣ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ አፍኑት።
ሠ) የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ።
ረ) የተቃጠለ ሰውነት በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና ሊጥ አይቀቡት።

9. የጋራዥ ቃላት

እኛ የለመድነው በአብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣውን የጋራዥ ቋንቋ ነው። ኬንያዊው የጁዋ ካሊ መካኒክ ግን ሌላ ይላል። ጁዋ ካሊ በስዋሂሊ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው፤ በፀሐይ ላይ ሆነው የሚሠሩ ባለሙያዎች መጠሪያ ነው። እነዚህን ቃላት ያዙ፦

ቤንዚን — ፔትሮል
ካንዴላ — ፕለግ
ቦቢና — ኮይል
ሞተሪኖ — ስታርተር
ኮፈን — ቦኔት
ቺንጋ — ፋን ቤልት
ጓርኒሲዮን — ጋስኬት
ቆርቆሮ፣ ላሜራ — ማባቲ
ውሃ — ማጂ

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. መኪናው ሲሄድ ደህና ሆኖ፣ ከቆመ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የማይነሣው ለምንድን ነው?
2. ነጂው የነዳጁን ጋን ክዳን ሲከፍት አየር «ፍስስ» አለ። በሽታው ምንድን ነው?
3. ካንዴላው እርጥብ ነው፤ ቤንዚን ይሸታል። ፔዳሉን እንመታለን ወይስ ረግጠን እንይዛለን? ለምን?
4. ከካርቡሬተሩ ሥር በባካላይቱ ምትክ አሉሚኒየም ብናደርግስ?

መልስ፦ 1) ቬንትሌተሩ፣ የውሃው ዝውውርና አዲሱ ቤንዚን ስለ ቆሙና የጋለው ብረት ሙቀቱን ወደ ካርቡሬተሩ ስለሚሰድ። 2) የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። 3) ረግጠን እንይዛለን፤ በተመታ ቁጥር ቤንዚን ይጨምራልና። 4) አይጠቅምም፤ አሉሚኒየም ሙቀት ያሳልፋል።

ውድ አንባብያን፣ ያ እጁ የተቃጠለው ተማሪዬ አሁን ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። በቀደም አንድ መኪና በጋራዡ ደጅ ቆሞ አልነሣ ሲል አየሁት። ነጂው ተቻኩሎ «ቶሎ በል እንጂ!» ይለዋል። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ ክዳኑን አየ፣ ጨርቁን ነከረ፣ ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ምን ትሠራለህ?» ቢለው፣ «እየሠራሁ ነው ጋሼ፤ እየጠበቅሁ ነው» አለው። መኪናውም ተነሣ።